ልጁ ተረፈ፤ ግን ምን ያህል አደገ?

በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ልጆች ደግሞ 58 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ቁጥሩም የሚደግፈው ይመስል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሞቱ ወደ 67፣ መቀንጨሩ ወደ 38 በመቶ ወረደ። በ16 ዓመት ውስጥ ሞት ከግማሽ በላይ ሲቀንስ መቀንጨር የቀነሰው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ልጅን ከሞት ማትረፉ የቀናንን ያህል ማሳደጉ አልቀናንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከፅንስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና በ2ኛው አንቀጹ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደ ተወለደ እንደሚቆጠር ደንግጓል፤ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል እስከሆነ ድረስ ማለት ነው። ሕጉ ከታወጀ ከ40 ዓመት በኋላ ግን በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙ እናቶች 27 በመቶ፣ በጤና ተቋም የተከናወነ ወሊድ ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ነበር። እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ክትትሉ አንድ ነጥብ ብቻ ጨመረ፤ ወሊዱ እዚያው 5 በመቶ ላይ ቆመ።

ለውጡን ያመጣው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ደመወዝተኛ ወጣት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። የሕፃኑን የክንድ ዙሪያ በባለቀለም ሜትር ይለካሉ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፣ ልጁም ለከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና ይላካል። ውጤቱ ግን ወዲያው አልታየም። በተቋም መውለድ በ2003 ዓ.ም. ገና 10 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሰ። የእርግዝና ክትትሉም በዚሁ ዓመት 74 በመቶ ሆነ። አምቡላንስ ወረዳ መግባቱና የእናቶች ማቆያ መሠራቱ ረድተዋል፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ገንፎ መገንፋቱና ቡና መፈላቱም፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሠርቷል። ወላድ ሴት በቤቷ የሚደረግላትን ወግ እዚያም አገኘችው።

ከወሊድ በኋላ ያለው መንገድ ግን ይጎረብጣል። የልጆች የደም ማነስ በ2003 ዓ.ም. ወደ 44 በመቶ ከወረደ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ 57 በመቶ ተመልሶ ወጣ፤ ለመውለድ ዕድሜ የደረሱ ሴቶችም ከ17 ወደ 24። ጥናቱ የተካሄደው በኤልኒኖ ድርቅ ወቅት መሆኑ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ድርቅ ብቻውን ግን አማራ ክልልን አያስረዳም። ጎጃምን የመሰለ ትርፍ አምራች ምድር የያዘው ክልል በዚያው ዓመት 46 በመቶ መቀንጨር አስመዝግቦ ከአገሪቱ አንደኛ ሆነ፤ አዲስ አበባ 15 በመቶ ነበር። ጎተራው ቢሞላም የሕፃኑ ሳህን አንድ ዓይነት ነው፦ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሽሮ የነካ እንጀራ። እንቁላሉ ገበያ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በጾም ባታስገድድም፣ የጾም ዕቃ ይነካል በሚል ለልጁ ወተትና እንቁላል የማይሠራበት ቤት ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. 11 በመቶ ነበሩ።

የቁመቱ ጉዳት ቁመት ላይ አይቀርም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያና በሌሎች ሦስት አገሮች ልጆችን እየተከታተለ ያጠናው «ያንግ ላይቭስ» በመጀመሪያ ዓመታቸው የተጎዱ ልጆች በስምንት ዓመታቸው በትምህርት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ቁመታቸው ያገገመላቸው ደግሞ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ስለዚህ ልጁ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ሁሉ አበቃ ማለት አይደለም፤ የትምህርት ቤት ምገባም ከንቱ ወጪ አይደለም።

ልጅን ማሳደግ አካሉን ማሳደግ ብቻ አይደለም። ሥነ ምግባሩን የሚለካ እንዲህ ያለ ጥናት ግን የለንም፤ የምናየው የሥርዓቶችን መቀያየር ነው። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ይሰጥ ነበር፤ ደርግ በፖለቲካ ትምህርት ተካው፤ ኢሕአዴግ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አደረገው፤ በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን ለአንደኛ ደረጃ መለሰው። አርጩሜው ግን ሥርዓት አልለወጠም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ ቢያደርገውም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2039ኛ አንቀጽ «ተገቢ» ቅጣትን ከጥፋት አይቆጥረውም፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

ወደ መቀንጨሩ እንመለስ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሏል። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ባሉት ሦስት ዓመታት አሃዙ ከ38 ወደ 37 በመቶ ወርዷል፤ በትግራይ፣ ጦርነቱ ገና ሳይነሣ፣ 49 በመቶ ነበር። በዚህ አረማመድ ቃል ኪዳኑ በተባለው ዓመት አይደርስም።