ቀለቡ የልጁ ነው

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባለው የአዲስ አበባ ምሥራቅ ትዳር ሲፈርስ ክርክሩ ቤትና መኪና በመካፈል ብቻ አያበቃም። «ልጄን ካላሳየሽኝ ቀለብ አልቆርጥም» ይላል አባት፤ «ካልቆረጥክ አታየውም» ትላለች እናት። ሁለቱም ተበድለው ሊሆን ይችላል። የሚደራደሩበት ነገር ግን የእነሱ አይደለም፤ ቀለቡም ሆነ ከወላጅ ጋር መገናኘቱ የልጁ መብት ነው። በከተማችን የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 ላይ ፍቺውን የሚወስነው ፍርድ ቤት የልጁን አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ፣ ከሌላው ወላጅ ጋር የሚገናኝበትንም ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ይል ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜና ጤንነት ከልጁ ዕድሜና ጥቅም ጋር እንዲመዘን አደረገ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም.፣ በመዝገብ ቁጥር 23632፣ እናቱ ሞታበት በአክስት እጅ ያደገን ልጅ አባት ልውሰድ ባለ ጊዜ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ የልጁን ጥቅም አስቀድሟል። አባትነት እንኳ ለልጁ ጥቅም ቦታ ከለቀቀ፣ የሁለት ሰዎች ቂም ምን ሥልጣን ይኖረዋል?

«ገንዘቡን ለራሷ ታውለዋለች» የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም ነው፤ እናት የምትከፍለው ኪራይ ልጁም የሚያድርበት ቤት ኪራይ ነው። ጥርጣሬው የበረታበት አባት የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ልክፈል ብሎ ችሎቱን ይጠይቅ። ቀለቡን እየቆረጠ ልጁን የተከለከለ አባትም እውነተኛ በደል ደርሶበታል፤ መፍትሔው ፍርዱን ማስፈጸም እንጂ ልጁን ማስራብ አይደለም። ጠበኛ ወላጅ ካለም መገናኘቱን የሚገድበው ዳኛ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አፈጻጸሙ ነው። የደመወዝተኛው ገቢ ይታወቃል፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አሠሪው ይቆርጥበታል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም ከደመወዙ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከሲሶው አይበልጥም። ቤት አከራዩ፣ ነጋዴውና ደላላው ግን የደመወዝ ወረቀት የላቸውም፤ ገቢያቸውን የማስረዳቱ ሸክም ልጁን በያዘው ወላጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ረክሷል። ያኔ በቁርጥ ገንዘብ የተወሰነ ቀለብ ዛሬ የሚገዛው ከቀድሞው እጅግ ያንሳል። ሕጉ ማሻሻያ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ጥያቄው አዲስ ምልልስ፣ አዲስ ቀጠሮ ነው። ቢያንስ የትምህርትና የሕክምና ወጪ «ግማሹን» ወይም «ሁለት ሦስተኛውን» ተብሎ በድርሻ ቢወሰን፣ ዋጋ ሲንር የወላጁም ድርሻ አብሮ ይንራል፤ ልጁን የሚያሳድገው ወላጅም በየዓመቱ ማመልከቻ ይዞ ቦሌ ምድብ ችሎት አይመላለስም።