ገዳዩን ፍለጋ ከኬክ ቤት

ሃና ስዌንሰን በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ሌክ ኤደን በምትባል ትንሽ ከተማ ኩኪስ እየጋገረች የምትሸጥ ባለሱቅ ናት። ከተማዋም ሃናም የደራሲዋ የጆአን ፍሉክ ፈጠራዎች ናቸው። ሃና ሞይሽ የሚባል አንድ ዓይኑ የጠፋ ድመት አላት፤ እናቷ ዴሎሬስ ደግሞ ልጄን ካልዳርኩ እያለች እረፍት ትነሳታለች። አንድ ቀን ጠዋት ወተት አመላላሹ ከሱቁ ጀርባ መኪናው ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ በዚህ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ከሃያ በላይ ቅጾች ተከትለዋል፤ ከ2015 ጀምሮም አሊሰን ስዊኒ ሃናን ሆና የተወነችባቸው የቴሌቪዥን ፊልሞች ተሠርተዋል።

ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ኮዚ ሚስትሪ ይባላል። ግድያ ቢኖርበትም ደም ሲፈስ አያሳይም። ምርመራውን የሚይዘው ሌላ ሥራ ያለው ተራ ሰው ነው፤ ቦታው ሁሉም የሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ወይም መንደር ነው፤ በመጨረሻም ገዳዩ ሳይያዝ አይቀርም። የዘውጉ ታላቅ እናት አጋታ ክሪስቲ ናት። ሚስ ማርፕል የተባለችውን የመንደር አሮጊት በ1930 በረጅም ልብ ወለድ ስታስተዋውቅ መንገዱን ጠርጋለች። ዛሬ በስሟ የሚሰጠው ሽልማት የሻይ ማንቆርቆሪያ መሆኑ ስለ ዘውጉ ጠባይ ብዙ ይናገራል።

ምግብና ምርመራም የተገናኙት በአንድ ጀንበር አይደለም። ሬክስ ስታውት በ1938 ባሳተመው የወንጀል ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ የምግብ አሠራሮችን አካትቶ ነበር። በ1990 ደግሞ ዳያን ሞት ዴቪድሰን ለድግስ ምግብ እያዘጋጀች የምትተዳደረውን የኮሎራዶዋን ጎልዲን ይዛ መጣች። ፍሉክ የተከተለችው ይህንን ፈር ነው።

ኬክ ቤት ለምርመራ የሚመችበት ምክንያት አለው። ፖሊስ ሲጠይቀው ሰው ቃሉን ይመዝናል፤ ቡናና ኩኪስ ከምታቀርብለት ሴት ፊት ግን የልቡን ያወራል። የሃና እህት ባል ቢል ፖሊስ ነው፤ እርዳታዋን የሚፈልገውም ሰው ለእሷ ስለሚያወራ ነው። በየቀኑ የሚመጣ ደንበኛ አንድ ጠዋት ከቀረ ወይም የወትሮውን ካላዘዘ ለባለሱቋ ፍንጭ ነው።

የምግብ አሠራሮቹም ገጽ ማሟያ አይደሉም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ካሉት አንዱን እንይ፦ የቸኮሌት ኩኪሱ ሊጥ ውስጥ የተፈረፈረ ኮርንፍሌክስ ይገባል፤ ሲጋገር ከጥርስ ሥር ኮሽ የሚለው በእሱ ነው። በየአሠራሩ መሐል ሃና ራሷ ማስታወሻ ትጽፋለች፣ ትመክራለች፣ ታስጠነቅቃለች። ደራሲዋ በሁለት በኩል ቃል ገብታለች ማለት ነው። ፍንጮቹን ሳትደብቅ ካላስቀመጠች አንባቢው ገዳዩን የማወቅ ዕድሉን ይነጠቃል፤ ልኩን አሳስታ ከጻፈች ኬኩ ይበላሻል። አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት የሚወዳቸው በዚህ ታማኝነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሞትን ያቀልላሉ የሚል ወቀሳ ሲሰነዘርባቸው ይሰማል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። በሚኒሶታ ሐዘን ቤት የሚሄድ ሰው ሆትዲሽ የሚሉትን በአንድ ዕቃ የተጋገረ ምግብ ይዞ ይሄዳል። ለለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ ይዞ መሄድን ለሚያውቅ ሐበሻ፣ በተለይም እዚያው ሚኒሶታ ለሚኖረው ብዙ ወገናችን፣ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በእነዚህ መጻሕፍት ግድያ ከተማውን ይበትናል፤ እውነቱ ሲወጣና ሰው ተመልሶ አብሮ ሲበላ ከተማው ይጠገናል።

ማንበብ ለሚፈልግ ምክሬ ከመጀመሪያው ቅጽ መነሳት ነው። እያንዳንዱ ግድያ በራሱ መጽሐፍ ቢቋጭም፣ ሃና ከጥርስ ሐኪሙ ኖርማንና ከመርማሪው ማይክ ማንን ትመርጥ ይሆን የሚለው ጉዳይ ከቅጽ ቅጽ ይሻገራል። ለመጋገር ካሰባችሁም የአሜሪካ አንድ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 350 ዲግሪ ፋራናይት ደግሞ ወደ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ኩኪሱን ከምዕራፎቹ ቀድማችሁ ጋግሩት፤ ገዳዩ መጠርጠር ከጀመረ በኋላ መጽሐፉን አስቀምጦ ወደ ማዕድ ቤት መነሳት ከባድ ነው።