ከቆዳ ሥር የተሰወረው የእግር ደም መላሽ ሕመምና አዲሱ ሕክምናው

ማታ ወደ ቤትዎ ገብተው ጫማዎን ሲያወልቁ የካልሲዎ ላስቲክ እግርዎ ላይ ጥልቅ ምልክት ትቶ ያገኙታል? እግርዎ እንደ ድንጋይ ይከብዳል? ሌሊት ባትዎ ተኮማትሮ ከእንቅልፍዎ ይቀሰቅስዎታል? ምናልባት እግርዎን ተመልክተው ያበጠ ሥር ስላላዩበት «ድካም ነው፣ ዕድሜም ነው» ብለው ትተውት ይሆናል።

ቫሪኮስ ቬን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቆዳ ላይ ተጠምዝዞ የሚታየውን ሥር ነው። እርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የችግሩ ምንጭ አይደለም። ጣሪያው የተበሳ ቤት ግድግዳው ላይ እርጥበት ያሳያል፤ ግድግዳውን ደጋግመው ቢቀቡት ግን ጣሪያው እስካልተደፈነ ድረስ እርጥበቱ ተመልሶ ይመጣል። የእግር ደም መላሽም እንደዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ እግር የወረደው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። የባት ጡንቻ በተራመድን ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በደም መላሾቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቫልቮች ደግሞ ወደ ላይ ብቻ እንደሚከፈት በር ሆነው ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል ተነሥቶ እስከ ብሽሽት የሚደርስ ሳፊነስ የሚባል ረጅም ደም መላሽ አለ። ጭን ላይ በስስ ሽፋን ተከቦ ከስብ በታች ስለሚያልፍ ቢለጠጥም እንኳ ከውጭ ላይታይ ይችላል። የእርሱ ቫልቮች ሲደክሙ ደሙ ቁልቁል ይመለሳል፤ ግፊቱም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል። በቤተሰብ ያለባቸው፣ ደጋግመው የወለዱ እናቶች፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ መምህራን፣ ነርሶችና ምግብ አብሳዮች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ግፊቱ ለዓመታት ሲቆይ ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ ያሳክካል፣ ይጠቁራል፣ ይደርቃል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ለውጡ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ከዚያም ትንሽ ጭረት ለወራት የማይድን ቁስል ይሆናል። ስንት እናቶች ይህንን ቁስል በረጅም ቀሚስ ሸፍነው በየቀኑ በጨርቅ እያሰሩ ይኖራሉ!

የተሰወረውን ችግር የሚያሳየው ዱፕሌክስ የተባለው የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው። አያምም፣ ጨረርም የለውም። ዋናው ነገር ግን ቆመው መመርመርዎ ነው፤ ተኝተው ሳሉ ደሙ ቁልቁል መመለሱ በደንብ ላይታይ ይችላል። ባለሙያው ባትዎን ጫን አድርጎ ሲለቅቅ ደሙ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ ቫልቩ ደክሟል ማለት ነው።

ቀድሞ ሕክምናው ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሐኪሞች ብሽሽትን ቀድደው ሥሩን በሽቦ ስበው ያወጡት ነበር። ይህንን የሰሙ ብዙዎች ዛሬም ፈርተው ይቀራሉ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 በሬዲዮ ሞገድ፣ ጥቂት ቆይቶም በሌዘር ሥሩን ከውስጥ የመዝጋት ሕክምና ተፈቀደ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመለከተ ጉልበት አካባቢ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ያስገባና እስከ ብሽሽት ድረስ ያደርሰዋል። በሥሩ ዙሪያ በብዙ ፈሳሽ የቀጠነ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ይህም ሕመሙን ያጠፋል፣ አካባቢውንም ከሙቀት ይጠብቃል። በብዛት በሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ መሣሪያ ጫፉ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ በየ20 ሴኮንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሥር ይዘጋል። ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ ታካሚው በዚያው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ታዲያ ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ይመለሳል?» ይሉ ይሆናል። ከእግር የሚመለሰው አብዛኛው ደም የሚያልፈው ጡንቻ ውስጥ ባሉት ጥልቅ ደም መላሾች ነው፤ የተበላሸው ሥር ሲዘጋ እንዲያውም ሸክማቸው ይቀልላል። እነርሱ ራሳቸው በረጋ ደም ተዘግተው ከሆነ ግን ነገሩ የተለየ ስለሆነ ምርመራው መቅደም አለበት። እርጉዞችም እስኪወልዱ ድረስ መታገሥ ይሻላቸዋል።

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2013 በሙቀት መዝጋትን አስቀደመ፤ ያ ካልተስማማ በአረፋ መድኃኒት ማድረቅን፣ ቀዶ ጥገናን ደግሞ ከዚያ በኋላ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣና በእንግሊዝ አገር ቁስል ባለባቸው 450 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ ሥሩ ቶሎ የተዘጋላቸው ታካሚዎች ቁስል በአማካይ በ56 ቀን ሲድን፣ የዘገየላቸው ግን 82 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ሁለቱም ወገኖች እግራቸው በጥብቅ ፋሻ ይታሰር ነበር። ስለዚህ «ቁስሉ መጀመሪያ ይዳን፣ ሥሩ በኋላ ይታያል» የሚለውን የቆየ ምክር እንደ ትክክል አልቆጥረውም።

ሕክምናው እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። መበለዝ፣ በጭን ውስጥ እንደ ገመድ የመወጠር ስሜት፣ አልፎ አልፎም መደንዘዝ ይኖራል፤ ደም የመርጋት አደጋም ቢሆን ጥቂት አለ፤ ከዓመታት በኋላም ሌላ ሥር ሊታመም ይችላል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ይህንን ብታውቁ መልካም ነው፦ ብዙ ኢንሹራንሶች ከመክፈላቸው በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት የሚያጠብቅ ካልሲ አድርጋችሁ እንድትሞክሩ ይጠይቃሉ። ምንም ሕመም ሳይኖርባችሁ «ሁለቱንም እግር እንዝጋ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን የአልትራሳውንድ ውጤቱን ጠይቁና ለሌላ ሐኪም አሳዩ።

ያበጠ እግር ሁሉ የደም መላሽ ችግር አይደለም። የልብና የኩላሊት ሕመም ሁለቱንም እግር ያሳብጣል፤ በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሠሩትን የሚያጠቃው ፖዶኮኒዮሲስም አለ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመዎ፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረዎ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ያበጠ ሥር ፈንድቶ ከደማም አይቁሙ፤ ተጋድመው እግርዎን ከፍ ያድርጉና ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት።