አንድ የሕግ ቃል ለ41 ዓመታት ያዘገየው የመኖሪያ ፈቃድ

በገጠር የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ሲሰፍር፣ ትዳሩ በጎረቤት ዘንድ ከመታወቅ አልፎ መብት ያስገኛል። ደብተሩ የማያውቀው ሰው ግን በቤቱ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ቢኖርም መብቱን ማስረዳት ይከብደዋል። የውጭ አገር የኢሚግሬሽን ሕግም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ወሳኙ ሕጉ «የትዳር ጓደኛ» ብሎ የሚቀበለው ማንን ነው የሚለው ነው።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ዜጋ ለውጭ አገር ሰው ለሆነ የትዳር ጓደኛው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። ለዚህ ፈቃድ ዓመታዊ የቁጥር ገደብ የለውም። በአሜሪካ የሚኖሩ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ባል ወይም ሚስታቸውን የሚወስዱት በዚሁ መንገድ ነው። አመልካቾች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ማቅረብ፣ ትዳሩ ለፈቃድ ሲባል ብቻ የተፈጸመ አለመሆኑን በማስረጃና በቃለ መጠይቅ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል።

የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ግን ለረጅም ጊዜ በዚህ በር መግባት አልቻሉም። ለዚህ የሚጠቀሰው ቀደምት ጉዳይ የሪቻርድ አዳምስ እና የአንቶኒ ሱሊቫን ነው። አዳምስ በፊሊፒንስ ተወልደው የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ሲሆኑ፣ ሱሊቫን አውስትራሊያዊ ነበሩ። ሁለቱ ወንዶች እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1975 በኮሎራዶ ግዛት፣ በቦልደር ከተማ የጋብቻ ፈቃድ አግኝተው ተጋቡ። አዳምስም ለሱሊቫን የመኖሪያ ፈቃድ አመለከቱ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት በላከው ደብዳቤ ጥንዶቹን በስድብ ቃል ጠርቶ፣ በመካከላቸው እውነተኛ ትዳር ሊኖር እንደማይችል በመግለጽ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ።

ጥንዶቹ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1982 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ጋብቻው በኮሎራዶ የጸና ቢሆን እንኳ የኢሚግሬሽን ሕጉ «የትዳር ጓደኛ» ሲል የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን አይጨምርም ሲል ወሰነ። በወቅቱ ሕጉ ግብረ ሰዶማውያን ወደ አገሪቱ እንዳይገቡም ይከለክል ነበር፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ1990 ነው። ሱሊቫን ከአገር መባረሩ ከባድ ጉዳት ያደርስብኛል ብለው ያቀረቡት አቤቱታም በ1985 ተቀባይነት አጣ። ጥንዶቹ አሜሪካን ለቀው አንድ ዓመት ያህል በአውሮፓ ከቆዩ በኋላ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሱሊቫን ያለ ፈቃድ፣ ራሳቸውን ሰውረው ለመኖር ተገደዱ።

በ1996 የወጣ ሕግ ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት አሠራር ጋብቻ ማለት የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ጥምረት ብቻ መሆኑን ደነገገ። ስለዚህ አንዳንድ ግዛቶች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ከፈቀዱ በኋላም፣ ኢሚግሬሽን ፌዴራል ጉዳይ በመሆኑ የእነዚህ ጥንዶች ማመልከቻ ይወድቅ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ድንጋጌ የሻረው ሰኔ 26 ቀን 2013 ነው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ፣ በ1985 የሱሊቫንን አቤቱታ ውድቅ ያደረገውን ፍርድ የጻፉት እኚሁ ዳኛ ናቸው።

ዛሬ የአሜሪካ አሠራር በመሠረቱ የሚመለከተው ጋብቻው የተፈጸመበትን ቦታ ሕግ ነው፤ አመልካቹ የተወለደበት አገር ለጋብቻው እውቅና መስጠቱ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ ለምሳሌ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል የሚፈጸም ሲሆን፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። እንዲህ ካሉ አገሮች የሚነሡ ጥንዶች ጋብቻው በሚፈቀድበት ሦስተኛ አገር ይጋባሉ፤ ወይም በእጮኛ ቪዛ ያመለክታሉ። የእጮኛ ቪዛ በመደበኛነት ጥንዶቹ ከማመልከታቸው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ይጠይቃል፤ አሜሪካ ከገቡ በኋላም በ90 ቀናት ውስጥ መጋባት አለባቸው።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሮማኒያዊው አድሪያን ኮማን በብራስልስ ያገቧቸውን አሜሪካዊ የትዳር ጓደኛቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ለመመለስ ጠይቀው ተከለከሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሰኔ 2018 በሰጠው ፍርድ፣ አባል አገራት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በራሳቸው ሕግ እንዲፈቅዱ ባያስገድድም፣ በሌላ አባል አገር ኖሮ የሚመለስ የኅብረቱ ዜጋ እዚያ በሕግ ያገባውን ሰው የመኖሪያ መብት ሊነፍጉት አይችሉም ብሏል።

የአዳምስና የሱሊቫን ማመልከቻም ከ2013ቱ ውሳኔ በኋላ እንደገና ታየ። መሥሪያ ቤቱ ስለ ቀድሞው ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ። ሱሊቫንም በሞት በተለየ የትዳር ጓደኛ መብት፣ በ2016 በተጋቡበት ቀን 41ኛ ዓመት ላይ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ተቀበሉ። ማመልከቻውን ያስገቡት አዳምስ ግን በታኅሣሥ 2012 አርፈው ነበር።