የአባቴ ግፊትና የእናቴ ጨው

አባቴ በ58 ዓመቱ ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። ታላቅ ወንድሙም ያረፈው በደም ግፊት ነው። እኔ ባለፈው ዓመት፣ በ39 ዓመቴ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ስንሸራሸር የጤና ተማሪዎች በነፃ ሲለኩ አግኝቼ ክንዴን ሰጠሁ። 152 በ96! አንዳች ሕመም አልነበረኝም። «የዘር ነው፣ ምን ይደረጋል» ብዬ ሄድኩ።

በኋላ ያየችኝ ሐኪም መድኃኒት ከጻፈችልኝ በኋላ «እቤታችሁ ጨው የሚገባው የት የት ነው?» አለችኝ።

ቆጠርኩ። በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባል። ሽሮው ሲፈጭም ይገባል። ወጡ ሊወርድ ሲል እናቴ ቀምሳ ትደግማለች። ሚጥሚጣው አለ፤ ከቆሮሶ ጥብስ ጋር የምናጠቅሰው ዳጣም አለ። በዚያ ላይ ቡናው! እናቴ የገጠር ልጅ ናት፤ ቡና ያለ ጨው አይጥማትም፤ አባቴንም ያስለመደችው እሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ይላል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን ኢትዮጵያውያን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደምንበላ አሳይቷል።

ጨው ሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ጨው ቶሎ የማይለቅ ሰው አለ፤ ይህም በዘር ይወረሳል። ውሃው ደም ሥር ውስጥ ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል። አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዳል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይጦችን በሁለት ዘር ለይቶ አራባ። ጨው የበዛበት ምግብ ሲሰጣቸው የአንዱ ዘር ግፊት አሻቀበ፤ ሌላውን ግን እምብዛም አልነካውም። እኔና አባቴ ከየትኞቹ ወገን እንደሆንን ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም።

ስለዚህ ዘንድሮ በርበሬውም ሽሮውም ያለ ጨው ተፈጨ። ጨው፣ ያውም አዮዲን ያለው፣ አንዴ ብቻ ድስቱ ውስጥ ይገባል፤ እሱም በማንኪያ ተለክቶ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እናቴ «አሁን ይሄ ወጥ ነው?» እያለች ከረመች። በወሩ ግን ከጎረቤት የማርያም ማኅበር ተመልሳ «ወጡን ጨው አድርገውት ነው የመጡት» ስትል ሰማኋት። ምላስም ይለምዳል ለካ።

መድኃኒቱንም አላቋረጥኩም። ባለፈው ሳምንት ስለካ 134 በ86 ሆኛለሁ።

በቡናው ግን አልተስማማንም። እናቴ የራሷን ሲኒ በጨው ትጠጣለች፤ የእኔንና የአባቴን ለይታ ትቀዳለች። አባቴ ደግሞ እሷ ዞር ስትል በደህናው እጁ የጨው ዕቃውን ሲዳብስ ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ።