ማን አለበሳት? የሕንድ ሙሽሪት አልባሳትና የሠርግ ዝግጅት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የሠርግ ልብስ የጥናት ጉዳይ ሊሆን ይችላልን? የሚል ጥያቄ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደሚኖር እገምታለሁ። እኔም በወጣትነቴ አይሆንም እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ለዶክትሬት ትምህርቴ በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ግዛት በቆየሁበት ጊዜ የገጠመኝ ነገር ነው። በተማሪዎች ማደሪያ ጎረቤቴ የነበረች ልጅ ልታገባ ተቃርባ ስለነበር ልብስ ስትመርጥ አብሬያት ገበያ ወጣሁ። ነጋዴው ነጭ ፍራሽ በተነጠፈበት ወለል ላይ ሳሪዎቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያሳየን ጀመር። እኔም ቀይ ጥለት ያለውን አንድ ነጭ ሳሪ አንሥቼ «ይህንን ለምን አትወስጂም?» አልኋት። «እርሱ የአጎቴ ነው» አለችኝ። ሌላ ሰው የያዘው መስሎኝ ደንግጬ መልሼ አስቀመጥሁት። እርሷ ሣቀች። ለካስ በጉጃራት ወግ ነጩን ሳሪ ለሙሽሪት የሚያመጣላት የእናቷ ወንድም ስለሆነ፣ እርሷ ልትገዛው አይገባም ማለቷ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሕንድ ሙሽራ ባየሁ ቁጥር «ምን ለብሳለች?» ከማለት ይልቅ ሁለት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ። እያንዳንዱን ነገር ማን ሰጣት? ከሠርጉ በኋላስ የማን ነው? የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ልብሱና ሰጪዎቹ

አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። «የሕንድ ሙሽራ» የምትባል አንዲት ሴት የለችም። በፊልም የለመድናት፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ቀይ ልብስ የለበሰችው ሙሽራ በአመዛኙ የሰሜኑ ክፍል ሙሽራ ናት። ልብሷም ሌሄንጋ ይባላል፤ ሰፊ ጉርድ ቀሚስ፣ አጭር ሸሚዝና ዱፓታ የተባለ መከናነቢያ ያሉት ባለ ሦስት ክፍል ልብስ ነው። በሌሎች ብዙ አካባቢዎች ግን ሙሽራ የምትለብሰው ሳሪ ነው። ሳሪ መርፌ ያልነካው አንድ ወጥ ጨርቅ ሲሆን ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በማሃራሽትራና በታሚል ብራህሚኖች ዘንድ ግን ለሠርግ የሚለበሰው 8 ሜትር ያህል ይደርሳል።

የቤንጋል ሙሽራ በቫራናሲ ከተማ ሸማኔዎች የተሠራ ቀይ የሐር ሳሪ ትለብሳለች። በእጆቿም ከነጭ ዛጎልና ከቀይ ኮራል የተሠሩ አምባሮችን ታጠልቃለች። የአሳም ሙሽራ ሙጋ ከተባለው፣ ሳይነከር በተፈጥሮው ወርቃማ ከሆነው ሐር የተሠራ ልብስ አላት። የታሚል ሙሽራ የምትመርጠው በካንቺፑራም ከተማ የሚሸመነውን ከባድ ሐር ሲሆን፣ በዚህ ሽመና የልብሱ መካከልና ጥለቱ በተለያየ ቀለም ተሠርተው በሽመናው ሂደት ይጋጠማሉ። በኬራላ ያሉ ሂንዱዎች ደግሞ ባለ ወርቅ ጥለት የሆነ፣ ቀለሙ ወደ ወተት የሚያደላ ልብስ ይወድዳሉ። «በሕንድ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል በአንዳንድ አካባቢዎች ለመበለቶች እውነት ቢሆንም፣ በኬራላና በጉጃራት ሙሽሮች ፊት ግን አይጸናም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ባልንጀራዬ በሠርጓ ዕለት ፓኔታር የተባለውን፣ አጎቷ ያመጣላትን ነጭ ሳሪ ለብሳ ወጣች። ሥርዓቱ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ጋርቾላ የተባለው፣ ከባሏ ቤተሰብ የመጣው ቀይ ልብስ በላይዋ ላይ ተደረበላት። ከሥር የእናቷ ወገን፣ ከላይ የባሏ ወገን፤ ሁለት ቤቶች በአንድ አካል ላይ ተደራረቡ ማለት ነው። በታሚሎች ዘንድም ሙሽሪት በመጀመሪያ ልብሷ ወጥታ ከተቀመጠች በኋላ ከሙሽራው ወገን የመጣላትን የኩራይ ሳሪ ተቀብላ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ቀይራ ስትመለስም ታሊ የተባለው የጋብቻ ሐብል በአንገቷ ይታሰራል። በፑንጃብ ቀይና ነጭ አምባሮቿን የሚያጠልቅላት ደግሞ የእናቷ ወንድም ነው። እነዚህ አምባሮች ዱሮ ከዝሆን ጥርስ ይሠሩ ነበር፤ አሁን በፕላስቲክ ተተክተዋል።

ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ ከኬራላ ላምጣ። ከአያት ከቅድመ አያት ክርስቲያን የሆኑት፣ የሶርያ ክርስቲያኖች እየተባሉ የሚጠሩት ማኅበረሰቦች በዚያ ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እኅት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ተሳትፋለች። ቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራንም ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች ነበሩ። የዚህ ማኅበረሰብ ሙሽራ ነጭ ወይም ወተት መሰል ልብስ ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። በጸሎቱ መካከልም ሙሽራው ማንትራኮዲ የተባለውን ሳሪ ከራሷ ላይ ይጥልላታል። ሚኑ የተባለችው፣ መስቀል ያለባት ትንሽ የወርቅ ምልክት የምትታሰረውም ከዚሁ ሳሪ በተመዘዘ ክር ነው። ሃይማኖቱ ሲለያይ እንኳ የልብሱ ንግግር አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ሰጪው በሰጠው ነገር ኃላፊነቱን በአደባባይ ይመሰክራል።

ሰውነትን ማዘጋጀት

ልብሱ ከመልበሱ በፊት ሰውነት ይዘጋጃል። በብዙ የሂንዱ ቤቶች በሠርጉ ዋዜማ ወይም በዕለቱ ጠዋት የቤቱ ሴቶች እርድ በዘይት ወይም በወተት በጥብጠው የሙሽሪትን ፊት፣ ክንድና እግር ይቀባሉ። የእርድ ቀለም ከጨርቅ በቀላሉ ስለማይለቅ ለዚህ ሰዓት የሚመረጠው ቢበላሽ የማያስቆጭ፣ ብዙውን ጊዜም ቢጫ የሆነ ልብስ ነው።

ከዚህ ጋር ሒና አለ። ሒና በእኛም አገር በሐረርና በሌሎች ሙስሊም ማኅበረሰቦች ሠርግ የታወቀ ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ እጅና እግርን የሚያቀላው እንሶስላ ነው። የሒና ቅጠል ዱቄት ተቦክቶ እጅ ላይ ሲሣል፣ በውስጡ ያለው ማቅለሚያ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ቀለሙ መጀመሪያ ብርቱካንማ ሆኖ ይታይና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ሙሽሪት ከሠርጓ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድማ የምትሣለውም ስለዚህ ነው። «ጥቁር ሒና» እየተባለ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ስለሚገባበት ቆዳን ሊያቆስል ይችላል፤ ጥንቃቄ ያሻል። ሒናው እስኪደርቅ ድረስ ሙሽሪት እጇን ልትጠቀምበት አትችልም። ሌሎች ያጎርሷታል፣ ውኃ ያጠጧታል። ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ስታገለግል የኖረች ልጅ ያን ሌሊት ተገልጋይ ትሆናለች።

የጥንቱ ባህል የሙሽራን ጌጦች ዐሥራ ስድስት አድርጎ ይቆጥራል፤ ኩሉ፣ ጉትቻው፣ የአፍንጫ ቀለበቱ፣ የእግር አልቦው ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ሁሉንም ግን ራሷ አታደርገውም። በፀጉሯ መካፈያ ላይ የሚደረገውን ሲንዱር የተባለ ቀይ ዱቄት የሚያደርግላት ሙሽራው ስለሆነ ያ ቦታ እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

ምርጫው የሚፈተንበት

እንግዲህ ሁሉን ሌላው የሚሰጣት ከሆነ ሙሽሪት የምትመርጠው ምንድን ነው? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ብዙ ነገር አለ፤ ምርጫዋ የሚፈተነው ግን ከመስተዋት ፊት አይደለም።

የመጀመሪያው ፈተና ጊዜ ነው። የሂንዱ ሠርግ ቀንና ሰዓት ብዙውን ጊዜ በኮከብ ቆጣሪ ይወሰናል። በብዙ ማኅበረሰቦች በክረምቱ አራት ወራት ሠርግ አይደገስም። ሠርጉ የወደቀው በግንቦት ሐሩር ነው ወይስ በታኅሣሥ ቅዝቃዜ? ሥርዓቱ ጠዋት ነው ወይስ እኩለ ሌሊት? ጨርቁን የሚወስነው ይህ ነው።

ሁለተኛው እሳት ነው። ሙሽሮቹ በእሳት ፊት ወለል ላይ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ከዚያም የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ እሳቱን አራት ወይም ሰባት ጊዜ ይዞራሉ። ስለዚህ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ተንጠልጣይ መከናነቢያ ለአደጋ ያጋልጣል። ልብሱ ሲለካም ቆሞ ብቻ ሳይሆን እግርን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ እጅን አንሥቶ፣ ደረጃ ወጥቶ መሞከር አለበት። ጥልፍ የበዛበት ሌሄንጋ ብዙ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በእሳቱ ፊት ጫማ ስለሚወልቅ፣ በባለ ተረከዝ ጫማ የተለካ ቀሚስ በባዶ እግር ወለል ይጠርጋል።

ሦስተኛው እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት ነው። ከጫፉ አንድ ክር ተመዝዞ ሲቃጠል ሐር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ወርቁም እንዲሁ መመርመር አለበት። ለጌጥ በሰፊው የሚመረጠው 22 ካራት ሲሆን 916 የሚለው ማኅተም የሚያመለክተው ከሺህ 916 እጁ ንጹሕ ወርቅ መሆኑን ነው።

ወርቅ፣ ሕግና አንዲት ደብተር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ባለቤትነት እንምጣ። በጥንታዊው የሂንዱ ሕግ ለሴት በጋብቻዋ ጊዜ የሚሰጣት ንብረት ስትሪዳን ይባላል፤ ትርጉሙም የሴት ሀብት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የሂንዱ ውርስ ሕግ ይህን ንብረት የሴቲቱ ሙሉ ሀብት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ታላቅ ውሳኔ ሰጠ። የሚስትን ስትሪዳን የያዙ ባልና ቤተሰቦቹ አደራ ጠባቂዎች እንጂ ባለቤቶች አይደሉም፤ አንመልስም ካሉም እምነት በማጉደል ወንጀል ሊጠየቁ ይችላሉ አለ።

በዚህ ላይ የትርጉም ችግር አለብን። በእንግሊዝኛ ዳውሪ የሚባለውን እኛ ብዙ ጊዜ «ጥሎሽ» ብለን እንተረጉመዋለን። የእኛ ጥሎሽ ግን ከወንዱ ወገን ለሴቷ የሚመጣ ልብስና ጌጥ ሲሆን፣ ዳውሪ የሚሄደው ከሴቷ ቤት ወደ ወንዱ ቤት ነው። ሕንድ ዳውሪ መጠየቅንም መስጠትንም እ.ኤ.አ. በ1961 በሕግ ከልክላለች። ክልከላው ድርጊቱን አላጠፋውም፤ በዚህ ሰበብ የሚንገላቱና የሚሞቱ ሴቶች ዛሬም አሉ። ሕጉ ሳይጠየቅ በፈቃድ የተሰጠን ስጦታ ግን ይፈቅዳል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ደንብ ስጦታዎች በዝርዝር እንዲመዘገቡ ያዝዛል። የስጦታው ዓይነት፣ ግምቱ፣ የሰጪው ስምና ዝምድናው ይጻፋል፤ ሁለቱ ሙሽሮችም ይፈርሙበታል። የሙሽሪትን ዝርዝር የምትይዘው ራሷ ሙሽሪት ናት።

ባልንጀራዬ ይህን ደንብ ታውቅ ነበር። ከሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀራት አንድ የተማሪ ደብተር አውጥታ እያንዳንዱን አምባርና ሐብል ከነሚዛኑ መጻፍ ጀመረች። አክስቷ አይተው ተቆጡ። «ገና ሳትገቢ መውጫሽን ታስቢያለሽ?» አሏት። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ፣ «የሰጡኝን ሰዎች ስም ነው የምጽፈው፤ የእርስዎም አለበት» አለቻቸው። አክስቷ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም አጠገቧ ተቀምጠው የረሳቻቸውን ያስታውሷት ጀመር፤ ይህ ከአያትሽ ነው፣ ያ ከታላቅ አጎትሽ ነው እያሉ። ያን ምሽት የማኅበረሰቡ ወግና የአገሪቱ ሕግ በአንዲት ደብተር ላይ ሲገናኙ በዓይኔ አየሁ።

ለማጠቃለል፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት የማይፈልጉ ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የልዩ ጋብቻ ሕግ መሠረት የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥተው፣ በመዝጋቢ ሹምና በሦስት ምስክሮች ፊት ሊጋቡ ይችላሉ፤ ሕጉ ቀይ ሳሪ አይጠይቃቸውም። እንዲያም ሆኖ ለመዝገብ ቤቱ ፊርማ የእናታቸውን ሳሪ ለብሰው የሚሄዱ አሉ። የሙሽራ ልብስ ከግዴታ ሲላቀቅም የሰጪውን ስም መያዙን አይተውም።

ተማሪዎቼ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ስለ ሠርጋቸው ልብስና ጌጥ ጠይቋቸው። ምን እንደ ነበር ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ሰጣቸውና አሁን በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። መልሱ ስለ ቤታችሁ ከምታስቡት በላይ ይነግራችኋል።

 ጥያቄና አስተያየት ካላችሁ መድረኩ ክፍት ነው።