አዳም እና ሔዋን (የስኮትላንድ ተውኔቶች)

«አዳም» እና «ሔዋን» የስኮትላንድ ብሔራዊ ቲያትር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 በኤድንብራ ከተማ፣ በትራቨርስ ቲያትር ያቀረባቸው ሁለት ግለ ታሪካዊ ተውኔቶች ናቸው። ሁለቱም ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ ወደ ሌላ ስለተሸጋገሩ ሰዎች ሕይወት ይተርካሉ። በሁለቱም መድረክ ላይ የቆመው ታሪኩ የደረሰበት ሰው ራሱ ነበር። «አዳም» ከግብጽ ወደ ስኮትላንድ የተሰደደ ወጣት ታሪክ ነው። «ሔዋን» ደግሞ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናት ጸሐፌ ተውኔት ያለፈ ሕይወቷን መለስ ብላ የምታይበት ሥራ ነው። ርዕሶቹ ከኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ሰዎች ስም የተወሰዱ ሲሆኑ ተውኔቶቹ ጥንድ ሆነው እንዲታዩ ታስቦ የቀረቡ ናቸው።

ትርጉም

ግለ ታሪካዊ ቲያትር አንድ ሰው የገዛ ሕይወቱን የተውኔት መነሻ የሚያደርግበት የቲያትር ዓይነት ነው። ከተጻፈ ግለ ታሪክ የሚለየው ባለታሪኩ በአካል ከተመልካች ፊት ስለሚቀርብ ነው። በልብ ወለድ ተውኔት ተዋናዩ ሌላ ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ በዚህኛው ግን ድምፁም ፊቱም ታሪኩም የአንድ ሰው ናቸው። ይህ ማለት መድረክ ላይ የሚነገረው ሁሉ እንዳለ የተቀዳ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ዓመታት በአንድ ምሽት እንዲያልቁ ይታጠራሉ፤ ንግግሮችም እንደገና ይጻፋሉ።

የሥርዓተ ጾታ ሽግግር የሚባለው አንድ ሰው ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ በተለየ ጾታ ለመኖር የሚያደርገው ለውጥ ነው። ስምን፣ አለባበስንና ሕጋዊ ሰነድን መቀየር፣ ለአንዳንዶችም ሆርሞን መውሰድንና ቀዶ ሕክምናን ሊጨምር ይችላል። ሁሉም ሰው ሁሉንም አያደርግም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ቀደምት ግለ ታሪካዊ ተውኔቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በሳን ፍራንሲስኮ የታየው የኬት ቦርንስታይን «ሂድን፡ ኤ ጀንደር» ነው። ቦርንስታይን የራስን ታሪክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ከኖረችውና የሕይወት ማስታወሻ ትታ ካለፈችው ከኤርኩሊን ባርባን ታሪክ ጋር አጣምሮ አቅርቧል።

አዳም

«አዳም»ን የጻፈችው ፍራንሲስ ፖኤት ስትሆን ሐሳቡን አፍልቃ ያዘጋጀችው ኮራ ቢሴት ናት። ባለታሪኩ አዳም ካሽሚሪ በግብጽ ተወልዶ ያደገ ሲሆን ሲወለድ የተመዘገበው በሴትነት ነበር። ወደ ስኮትላንድ ተሰዶ በግላስጎው ከተማ ጥገኝነት ጠየቀ። ቢሴት ታሪኩን ያወቀችው ስደተኞች በተሳተፉበት የማኅበረሰብ ቲያትር ላይ ነው።

የተውኔቱ ዋና ግጭት በአንድ ሰውና በአንድ ማስረጃ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የስደተኞች ስምምነት መሠረት ጥገኝነት ጠያቂ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ስደት ይደርስብኛል ብሎ የሚሰጋበት በቂ ምክንያት እንዳለው ማሳየት አለበት። በሥርዓተ ጾታ ምክንያት የሚቀርብ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመጨረሻው ምክንያት ሥር ነው። ችግሩ የቡድኑ አባል መሆን በምን ይረጋገጣል የሚለው ነው። በተውኔቱ ውስጥ አዳም ወንድ መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ሽግግሩን ገና ስላልጀመረ የሚያሳየው ነገር የለውም። ሽግግሩን ለመጀመር ደግሞ የመኖሪያ ጉዳዩ እልባት ማግኘት አለበት። አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ ወጣቱ በትንሽ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

በመድረኩ ላይ ካሽሚሪ ብቻውን አይደለም። ኔሽላ ካፕላን የምትባል ተዋናይት አብራው ትጫወታለች፤ ሁለቱ የአንድ ሰው ሁለት ገጽታዎች ሆነው እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሌሎቹንም ገጸ ባሕርያት ይከፋፈላሉ። በመጨረሻ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡና ተመሳሳይ ሕይወት ያላቸው ሰዎች ያቋቋሙት «የአዳም የዓለም መዘምራን» በቪዲዮ ይታያል። እነዚህ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው የዘመሩት ተቀናብሮ በአንድነት ይሰማል። ተውኔቱ በኤድንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ለአዳዲስ ሥራዎች የሚሰጠውን የፍሪንጅ ፈርስት ሽልማት አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ለቢቢሲ ቴሌቪዥን በፊልም ተሠርቷል።

ሔዋን

«ሔዋን»ን የጻፉት ጆ ክሊፎርድና ክሪስ ጉድ ሲሆኑ ያዘጋጀችው ሱዛን ዎርስፎልድ ናት፤ መድረክ ላይ የምትጫወተው ክሊፎርድ ብቻ ናት። ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ አገር ተወልዳ ጆን በሚል ስም በወንድነት አደገች። ገና በልጅነቷ እናቷ ሞተችባት። በወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ስትማር በትምህርት ቤቱ ተውኔቶች የሴት ልጆችን ገጸ ባሕርይ እንድትጫወት ተደረገ። ደስታ የተሰማትና ሴት ሆና ብትኖር እንደምትመርጥ ያወቀችው ያን ጊዜ እንደነበረ ተናግራለች። ይህም ስላስፈራት ከትወና ለረጅም ጊዜ ራቀች፤ በተውኔት ጸሐፊነት ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስኮትላንድ ታወቀች።

በተውኔቱ የልጅነቷና የወጣትነቷ ፎቶግራፎች በመድረኩ ላይ ይታያሉ። ክሊፎርድ በፎቶው ያለውን ልጅ እንደ ሌላ ሰው ታናግረዋለች። አትኮንነውም፣ አትክደውምም። ያሳለፈውን ፍርሃት ታስታውሳለች፤ ያ ልጅ ሳይሰበር ዘልቆ እሷ ላለችበት ስላደረሳት ታመሰግነዋለች።

ፍቅር በሁለቱ ተውኔቶች

በሁለቱም ሥራዎች ፍቅር የሽግግሩ ውጤት ወይም ሽልማት ሆኖ አልቀረበም። በ«አዳም» ውስጥ ወጣቱ ግብጽ ሳለ ለአንዲት ሴት ያደረበት ስሜት ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር ይገልጥለታል፤ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ግን ያንን ስሜት በሌላ ስም ይጠሩታል። ፍቅሩ አንድ ሆኖ ሳለ የተሰጠው ስም የሚለያየው አፍቃሪው ማን ነው ተብሎ እንደታሰበ ነው።

የ«ሔዋን» ፍቅር ደግሞ የትዳር ፍቅር ነው። ክሊፎርድ ሱ ኢንስ ከምትባል ጸሐፊና የሴቶች መብት ተሟጋች ጋር ብዙ ዓመት በትዳር ኖራ ሁለት ሴት ልጆች አፍርታለች። ኢንስ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንጎል ዕጢ ሕመም አረፈች። ክሊፎርድ በአደባባይ በሴትነት መኖር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኤድንብራ የታየው «ኤቭሪ ዋን» የተሰኘ ተውኔቷም ከዚሁ ኀዘን የመነጨ ነው። ስለዚህ በ«ሔዋን» ውስጥ ኀዘንና ነጻነት አይነጣጠሉም፤ ባለታሪኳ ያለፈውን ስሟን ትታ ያለፈውን ፍቅሯን ግን ይዛ ትሄዳለች።

«እኔ» እና ቋንቋ

ግለ ታሪካዊ ቲያትር የሚነገረው በ«እኔ» ነው። ይህ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በአማርኛ ሰውን ሲያናግሩ «አንተ» ወይም «አንቺ»፣ ስለ ሰው ሲያወሩም «እሱ» ወይም «እሷ» ብሎ መምረጥ ግድ ነው፤ ግሡም ከዚያ ጋር ይለወጣል። «እኔ» ግን ጾታ የለውም። «መጣሁ» ያለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። «እርስዎ» የሚለው የአክብሮት አጠራርም እንዲሁ ነው።

ቋንቋዎች በዚህ ይለያያሉ። በድሬዳዋ መጋላ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። በኦሮምኛ «አቲ»፣ በሶማሊኛ «አዲጋ» ለወንድም ለሴትም ያገለግላሉ። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ያንኑ ደንበኛ በአማርኛ ሲያናግር የሚያደርገውን ምርጫ በሌሎቹ ሁለት ቋንቋዎች አያደርግም። አዳም ያደገበት ዓረብኛ እንደ አማርኛ በሁለተኛው መደብ ጾታን ይለያል። አድማጩ «አንቺ» ሲለው የኖረ ሰው በመድረክ ላይ «እኔ» ብሎ ሲጀምር፣ ሌላው ስለ እሱ ከመወሰኑ በፊት የራሱን ቃል ይሰጣል። በጥገኝነት ጽሕፈት ቤት የተጠየቀው ማስረጃ በቲያትር ቤት ምስክርነት ይሆናል።

ከኢትዮጵያ መድረክ ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቲያትር የመጀመሪያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ነበሩ። ይህ የቀረው ቀስ በቀስ ሴቶች ወደ መድረክ ሲወጡ ነው፤ ከፈር ቀዳጆቹም የክራር ተጫዋቿና ድምፃዊቷ አስናቀች ወርቁ በስፋት ትጠቀሳለች። ያ ልማድ ግን የሴት ተዋናይ እጥረት የፈጠረው እንጂ የተዋናዩን ሕይወት የሚገልጥ አልነበረም፤ ተዋናዩ ልብሱን ሲያወልቅ ገጸ ባሕርይውም ያበቃል። የክሊፎርድ የትምህርት ቤት ታሪክ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ያሳያል። የተሰጣት ገጸ ባሕርይ ለሌሎቹ ተማሪዎች ጨዋታ ነበር፤ ለእሷ ግን የራሷ እውነት ሆኖ አገኘችው።

አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ቲያትር ለኢትዮጵያ ተመልካች እንግዳ አይደለም። በበረከት በላይነህ ተደርሶ ግሩም ዘነበ የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ተወዳጅ ሆኗል። ልዩነቱ እያዩ ምናባዊ ገጸ ባሕርይ ሲሆን በ«ሔዋን» ግን የሚናገረው ሰውና ገጸ ባሕርይው አንድ መሆናቸው ነው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

የዚህ ዓይነቱ ቲያትር ዋጋም አለው። ተዋናዩ ክፉ ትዝታውን በየምሽቱ ደግሞ ይኖረዋል። በታሪኩ የሚነሡት ወላጆች፣ የትዳር ጓደኞችና ወዳጆችም መድረክ ላይ ቆመው መልስ መስጠት አይችሉም። «አዳም» ይህን ሸክም በከፊል የሚያቃልለው ታሪኩን ለሁለት ተዋንያን በማካፈል ነው፤ «ሔዋን» ደግሞ በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ልጅ ከተራኪዋ በመለየት። ሌላው ጥያቄ ባለታሪኩ በማይኖርበት ጊዜ ተውኔቱን ማን ይጫወታል የሚለው ነው። ጽሑፉ ለሌላ ተዋናይ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ተመልካቹ የሚያየው ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ተውኔት እንጂ የባለታሪኩን ምስክርነት አይሆንም።